ከረጢቱ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ትልቁ አንጀቱ በቀዶ ጥገና የወጣለትና ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት የሚጸዳዳ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ነው የሚዘጋልኝ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቀን ከመቁረጥ በፊት መልስ የሚፈልጉ ሌሎች ነገሮች አሉ። ከአንጀቱ የቀረው የትኛው ክፍል ነው? ለቀዶ ጥገና ያበቃው በሽታ ምን ነበር? የፊንጢጣው መዝጊያ ጡንቻ ይሠራል? ከተዘጋስ በኋላ በቀን ስንት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ሊሄድ ነው? አብዛኛው ሰው ከረጢቱ የተነሳ ዕለት ሆዱ የድሮው ሆድ የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። የወጣው አንጀት ወጥቷል። ይህ ቀዶ ጥገና አንዱን አኗኗር በሌላ አኗኗር መለወጥ ነው፤ ለአንዱ እፎይታ የሆነው ለሌላው ከከረጢቱ የባሰ ጣጣ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ያለ ትልቁ አንጀት እንዴት መኖር እንደሚቻል እንይ። የምንበላው ምግብ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በትንሹ አንጀት ውስጥ ነው፤ ርዝመቱም 6 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ያህል ሲሆን ዋና ሥራው ውሃና ጨው መምጠጥ ነው። በቀን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር የሚደርስ ቀጭን ፈሳሽ ከትንሹ አንጀት ይቀበላል፤ ከዚያ ውስጥ ከሰገራ ጋር እንዲወጣ የሚለቀው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ትንሹ አንጀት ያሳለፈውን አሰር አብላልተው የተወሰነ ኃይልና ቫይታሚን ያወጡለታል። ሰገራን እስኪመች ድረስ ማቆየትም የእሱ ድርሻ ነው። ስለዚህ እሱ ሲወጣ ሰው አይራብም፣ በምግብ እጦትም አይከሳም። የሚቸገረው በውሃ፣ በጨውና ሰገራን በማቆየት ነው።

ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ የሚያደርጉት በሽታዎች ብዙ አይደሉም። ዋነኛው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው፤ የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን የሚቆስልበት፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትል፣ ዓመታት የሚዘልቅ ሕመም ነው። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል፣ አንጀቱ ተነፍቶ ሊፈነዳ ሲደርስ ወይም ካንሰር ሊሆን የሚችል ለውጥ ሲታይ አንጀቱን ማውጣት ይመጣል። ሁለተኛው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን በአንጀቱ ግድግዳ ላይ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እባጮች ይበቅሉበታል። እነዚህ ፖሊፖች ካልተነኩ ሰውዬው በመካከለኛ ዕድሜው ካንሰር እንደሚይዘው እርግጠኛ መሆን ይቻላል፤ ስለዚህ ገና በወጣትነቱ፣ ምንም ሳያመው አንጀቱ ይወጣለታል። ከዚህ ሌላ የክሮንስ በሽታና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች አሉ።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከረጢት ይዘው ከሚወጡት ሰዎች የብዙዎቹ ታሪክ የተለየ ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻው ጠምዛዛ ክፍል ተጠማዝዞ ይታነቃል፤ በአገራችን ድንገተኛ የአንጀት መዘጋት ከሚያስከትሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የታይፎይድ ቁስል ትንሹን አንጀት ይበሳል፤ ጥይትና የመኪና አደጋም ሆድን ይጎዳሉ። ሕፃናት ያለ ፊንጢጣ ቀዳዳ ወይም በአንጀታቸው ጫፍ ነርቭ ሳይኖር የሚወለዱበት ጊዜም አለ። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው ያጡት የአንጀታቸውን ቁራጭ ብቻ ነው። ከረጢቱም ጊዜያዊ ነው፤ ቁስሉና ኢንፌክሽኑ ጋብ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ውስጥ፣ ሁለቱ ጫፎች ተመልሰው ይገጣጠማሉ። ትልቁ አንጀት በአብዛኛው ስላለ ኑሮው ከቀድሞው ብዙም አይርቅም። እዚህ ላይ ይህን ያነሳሁት የጎረቤትን ልምድ ይዞ የራስን ውሳኔ መወሰን አሳሳች ስለሆነ ነው። «እከሌ ተዘጋለት፣ አሁን ጭራሽ እንዳልታመመ ነው» ሲባል እከሌ ምኑ እንደወጣ ማጣራት ያስፈልጋል።

ትልቁ አንጀት ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የትንሹ አንጀት ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ኢሊዮስቶሚ ይባላል፤ የሚታየው የአንጀት ጫፍ ደግሞ ስቶማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ቀይና እርጥብ ነው፤ የከንፈርን ውስጠኛ ገጽ ይመስላል። ሲነኩት አያምም፤ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ሲያጸዱት ትንሽ ደም ጠብ ቢል አያስደነግጥም። ከቆዳው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ መሠራቱ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ድሮ ስቶማ ከቆዳ እኩል ነበር የሚሰፋው። የትንሹ አንጀት ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለበት ቆዳውን ይልጠዋል፤ ሕመምተኞችም ከዋናው በሽታ ባላነሰ በዚህ ይሰቃዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የበርሚንግሃሙ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ብራያን ብሩክ የአንጀቱን ጫፍ እንደ እጅጌ ቀልብሶ በመስፋት ፈሳሹ ቆዳ ሳይነካ ከረጢቱ ውስጥ እንዲወርድ አደረገ። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ከረጢቱ ደግሞ የነርሶችና የሕመምተኞች ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ፣ እህቷ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሰው መሃል መውጣት ስትፈራ አይታ፣ በራሱ የሚለጠፍና ተነቅሎ የሚጣል ከረጢት አሰበች። ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ነው። አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ደግሞ ሩፐርት ተርንቡል የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ ራሱ ኢሊዮስቶሚ የሠራላትን ኖርማ ጊልን በ1958 ሠራተኛ አድርጎ ቀጠራት። ሥራዋ ሌሎች ሕመምተኞችን ማስተማር ነበር። የስቶማ ነርስ የሚባለው ሙያ የተጀመረው ከዚህ ነው። እንደ እኔ ግምት ከሁሉም ቀዶ ጥገና በላይ ሰውን ወደ ሥራው የመለሰው ይህ ሙያ ነው፤ በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች ዛሬም ጎድሎ የሚታየውም እሱ ነው።

የዕለት ኑሮው እንዲህ ነው። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ሲሞላ፣ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፣ ጫፉ ተከፍቶ መጸዳጃ ቤት ይፈሳል። የሚለጠፈው ክፍል በሦስት ወይም በአራት ቀን አንዴ ይቀየራል። ቀዳዳው በስቶማው ልክ መቆረጥ አለበት፤ ከሰፋ ቆዳው ይላጣል፤ ከጠበበ ስቶማውን ያንቀዋል። በደንብ የተለጠፈ ከረጢት አይሸትም፤ ሲሸት ወይ እየፈሰሰ ነው ወይ እየተከፈተ ነው። ገላ መታጠብ፣ መተኛት፣ መሥራት፣ ማግባትና መውለድ ይቻላል። አስቸጋሪው አቅርቦቱ ነው። ከረጢቱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ይከብዳል፤ ሲጠፋ ፌስታልና ጨርቅ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ወይም ገጠር ያለ ሰው «ይዘጋልኝ» ሲል ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ካለው ወገኑ የበለጠ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እዚያ ከረጢቱን በአብዛኛው መድን ይሸፍነዋል።

ስለ ጨውና ውሃ ለብቻው ማውራት ያስፈልጋል፤ ከረጢትም ይኑር ይነሳ፣ ትልቁ አንጀት የሌለው ሰው ዕድሜ ልኩን አብሮት የሚኖረው ጉዳይ ይህ ነውና። ኢሊዮስቶሚ ሲረጋጋ በቀን ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ያወጣል። ከሊትር ተኩል ካለፈ አደጋ ነው። አብሮት ብዙ ሶዲየም ስለሚወጣ ሰውዬው ይጠማዋል፣ ይደክመዋል፣ ሲነሳ ይዞረዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያን ጊዜ እጁን የሚሰድደው ወደ ውሃ ነው። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ሲበዛ ሶዲየምን ከደም ወደ አንጀት ይስብና ከረጢቱን ይበልጥ ይሞላዋል፤ ሰውዬው እየጠጣ ይደርቃል። ለስላሳና ጣፋጭ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋሉ። ትክክለኛው መጠጥ ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀሉበት ነው፤ ስኳሩ ጨውን፣ ጨው ውሃን ይዞ ይገባል። ብዙዎቻችን «ለምለም» ብለን የምናውቀው ኦአርኤስ ለዚህ ይሠራል። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት ልክ ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ፈሳሹ ለበዛበት ሰው ሐኪሙ ጨዉን ከፍ ያደርግለታል። ሌላ ጊዜ «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ለዚህ ሰው አይሠራም። ወጡ ላይ ጨው ጨመር ማድረግ ይፈቀድለታል፤ የደም ግፊት ካለበት ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ምግብን በተመለከተ ከባዶቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ናቸው። አንጀቱ አብጦ ስለሚቆይ ቀዳዳው ይጠብባል። ቆሎ፣ በቆሎ እሸት፣ ኦቾሎኒ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ያልተላጠ ባቄላና የጎመን አገዳ ተሰብስበው ይዘጉታል። ፈሳሹ ለሰዓታት ቆሞ ሆድ ከቆረጠና ማስመለስ ከመጣ ቤት መቀመጥ አይገባም፤ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ድንችና ዳቦ ፈሳሹን ያወፍሩታል። ሽሮ በደንብ ከበሰለች ትስማማለች፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ግን ሲወጡም ያቃጥላሉ። ቡና አንጀትን ያፈጥናል፤ አንድ ሲኒ ምንም አይልም፣ አቦልና ቶናውን ጨርሶ በረካ መጠበቅ ግን ይቆጠርበታል። ኮሶም ሆነ «ሆድ ለማጠብ» ተብሎ የሚወሰድ ማንኛውም ማስቀመጫ ክልክል ነው፤ የሚያስቀምጥ ነገር ትልቁ አንጀት የሌለውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊያደርቀው ይችላል። ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ ክኒኖች ደግሞ ሳይሟሙ ሊወጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት ሲገዙ ለፋርማሲስቱ መናገር ያስፈልጋል።

ጾም በተለይ ለኛ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልም ከውሃም መከልከል፣ በረመዳንም ከንጋት እስከ ምሽት ሳይጠጡ መዋል ኩላሊት ይጎዳል፤ ጠጠርም ያመጣል። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው በር ክፍት አድርገዋል። የንስሐ አባትን ወይም ሼኽን ቀርቦ ማማከር እንጂ ደብቆ ጾሞ ወድቆ መገኘት አይጠቅምም። የጾም ምግቡን መብላትና ውሃውን አለመከልከል የብዙዎች መፍትሔ ነው።

አሁን ወደ መዝጋቱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ታች የቀረውን ነው። ሬክተም የሚባለው፣ ሰገራ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት የአንጀት ጫፍ ጤናማ ሆኖ ካለ ትንሹ አንጀት በቀጥታ ከእሱ ጋር ሊሰፋ ይችላል። ቀዶ ጥገናው ከሌሎቹ ይቀላል፤ ሰውዬውም በቀን አራት አምስት ጊዜ ይቀመጣል። የቀረው ሬክተም ግን ይታመማል፣ ካንሰርም ሊያወጣ ይችላል፤ በየዓመቱ በካሜራ መታየት አለበት። ሬክተሙ ታሞ መውጣት ካለበትና መዝጊያ ጡንቻው ደህና ከሆነ ቀጥሎ የማወራው አዲስ ማጠራቀሚያ ይሠራል። ፊንጢጣውም ጡንቻውም አብሮ ከወጣ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ኢሊዮስቶሚው ዘላቂ ነው።

አዲሱ ማጠራቀሚያ የተገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1969 ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ ኒልስ ኮክ ከትንሹ አንጀት ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ከረጢት ሠራ፤ ሕመምተኛው ቱቦ እያስገባ ያፈሰዋል። በ1978 የለንደኑ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ሐኪሞች አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ ይህንኑ ማጠራቀሚያ ወደ ታች አውርደው ከፊንጢጣ ጋር አገናኙት። ሰዎች ሆዳቸው ላይ ቀዳዳ ሳይኖር፣ በራሳቸው ጡንቻ እየያዙ መጸዳዳት ቻሉ። የእነሱ ማጠራቀሚያ ሦስት እጥፍ ነበረውና ለማፍሰስ ብዙ ጊዜ ቱቦ ይፈልግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓናዊው ጆጂ ኡትሱኖሚያ ሁለት እጥፍ ብቻ ያለውን፣ «ጄ» የተባለውን የላቲን ፊደል የሚመስለውን አቀረበ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ይህ ጄ-ፓውች ነው። የትንሹ አንጀት የመጨረሻ 30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይታጠፍና ሁለቱ እጥፎች ጎን ለጎን በስቴፕለር ተሰፍተው መሃላቸው ያለው ግድግዳ ይከፈታል፤ የታችኛው ክርን ደግሞ ከመዝጊያ ጡንቻው በላይ ይገጠማል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይጠናቀቅም። በጣም የታመመ፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ወይም የከሳ ሰው በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ትልቁ አንጀቱ ብቻ ይወጣለታል። ወራት ቆይቶ፣ ክብደቱ ሲመለስ፣ ሬክተሙ ወጥቶ ማጠራቀሚያው ይሠራል፤ አዲሱ ስፌት እንዲያርፍም ከላይ ጊዜያዊ ስቶማ ይደረጋል። በሦስተኛው ያ ስቶማ ይዘጋል። ደህና የሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአንድ ሊጨርስ ይችላል። ሰው «ይዘጋልኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋን፣ ትንሿን ቀዶ ጥገና እያሰበ ነው፤ ከባዱ ግን መካከለኛው ነው።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የሚከታተል ሰው ዳረን ፍሌቸርን ያስታውሳል። የማንቸስተር ዩናይትዱ ስኮትላንዳዊ አማካይ በአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ከሜዳ ራቀ፤ በ2013 መጀመሪያ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወደ ጨዋታ ተመለሰ። ኋላም ዌስት ብሮሚች አልቢየንን በአምበልነት መርቷል። ሕመሙን ለረጅም ጊዜ ደብቆት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከእሱ አስቀድሞ በአሜሪካ ፉትቦል የሳንዲያጎ ቻርጀርስ መቺ የነበረው ሮልፍ ቤኒርሽኬ በ1979 በዚሁ በሽታ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በሚቀጥለው ዓመት ከረጢት ይዞ ሜዳ ገብቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን የማነሳው ስፖርት ለመሥራት ከረጢት መነሳት ግድ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ጊዜያዊው ስቶማ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ማጠራቀሚያው ከተሠራ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስፌቱ መያዙ መረጋገጥ አለበት። በፊንጢጣ በኩል በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ገብቶ ምስል ይነሳል፤ ፈሳሹ ከማጠራቀሚያው ውጭ ከታየ መዝጋቱ ይዘገያል። ጥሩ ሐኪም ጡንቻውንም በጣት ይፈትሻል፤ «ጭብጥ አድርጊው፣ ልቀቂው» ይላል። ደካማ ጡንቻ ያለው ሰው፣ በተለይ በከባድ ምጥ ወልዳ የተቀደደች ሴት፣ በደንብ የተሠራ ማጠራቀሚያ ቢኖራትም ላትይዘው ትችላለች። ሰገራን እንደሚያቆም ሰው ጡንቻውን ጨብጦ አሥር ድረስ ቆጥሮ መልቀቅ፣ በቀን ደጋግሞ፣ ከመዘጋቱ ሳምንታት አስቀድሞ ቢጀመር ይጠቅማል። በአንዳንድ አገር ስቶማ ነርሶች ይህንን ያለማምዳሉ።

የመዝጊያው ቀዶ ጥገና አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሆስፒታል የሚተኛው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ነው። አንጀቱ ተኝቶ ይቆይና ጋዝ ሲያልፍ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ የሚመጣውን ማንም አስቀድሞ ካልነገረው ሰው ይደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሃያ አራት ሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መቀመጥ አለ፤ ሌሊት ሁለት ሦስቴ መነሳት አለ። ሰገራው ቀጭን ነው፤ ሐሞትና ኢንዛይም ስላለበት ፊንጢጣ ዙሪያን እንደ ቃጠሎ ያደርገዋል። በወረቀት መጥረግ ያባብሰዋል፤ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፣ የሕፃናት ዚንክ ቅባት በስሱ መቀባት ነው ማስታገሻው። ጋዙንና ሰገራውን መለየት ያስቸግራል። እንቅልፍ ላይ ልብስ የሚያበላሽም አለ፤ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ «ምነው ከረጢቱ በቀረልኝ» የሚለውም።

ከዚያ ቀስ በቀስ ይሻላል። ማጠራቀሚያው ይለጠጣል፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ውስጥ አብዛኛው ሰው በቀን ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ይደርሳል፤ ሌሊት አንዴ ወይም ጭራሽ አይነሳም። ዋናው ልዩነት ብዛቱ አይደለም፤ መቆየት መቻሉ ነው። በሽታው ሳለ አንዴ ከመጣ ሩጫ ነበር፤ አሁን ሰውዬው ስብሰባው እስኪያልቅ ሊይዘው ይችላል። ሎፔራማይድ የተባለው የተቅማጥ መድኃኒት ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ሲወሰድ ያረጋዋል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። የመጸዳጃ ቤትን ነገር ግን በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል። ቤቱ የጋራ ሽንት ቤት ያለው፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት፣ ሥራው ሚኒባስ መንዳት ወይም ጉልት መቸርቸር የሆነ ሰው በቀን ሰባት ጊዜ የት ሊሄድ ነው? ባሕር ዳር በአውቶቡስ እንዴት ሊሄድ ነው? ከረጢት ያለው ሰው ቆሞ ጥግ ይዞ ሊያፈስ ይችላል። በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያነሱትም፤ እኛ ጋ ግን የውሳኔው ግማሽ ይሄ ነው።

የሚበላሸውም መነገር አለበት። ስፌቱ ሊፈስ፣ ሊጠብ ይችላል፤ ሆድ ውስጥ የተፈጠረ ጠባሳ አንጀቱን ሊያንቀው ይችላል። ስቶማው የነበረበት ቦታ ሄርኒያ ሊያወጣ ስለሚችል ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት የለም፤ ጀሪካንም፣ ኩንታልም፣ ልጅም። ከሁሉ የሚበዛው ፓውቻይተስ የሚሉት የማጠራቀሚያው መቆጣት ነው። በኮላይተስ ምክንያት ከተሠራላቸው ውስጥ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ቢያንስ አንዴ ያገኛቸዋል፤ በፖሊፕ ምክንያት የተሠራላቸው ግን እምብዛም አይዛቸውም። መቀመጡ በድንገት ሲበዛ፣ ሆድ ሲቆርጥ፣ ትኩሳት ሲመጣ መጠርጠር ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሜትሮኒዳዞል ብዙውን ጊዜ ያድነዋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን እየተመላለሰ ሥር ይሰድዳል። ከአሥር ሰው እስከ አንዱ በዓመታት ውስጥ ማጠራቀሚያው ከሽፎ ወደ ከረጢት ይመለሳል።

ክሮንስ ያለበት ሰው በአብዛኛው ለጄ-ፓውች አይታጭም። ክሮንስ ትንሹንም አንጀት የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ማጠራቀሚያው ላይ ከተነሳ ፊስቱላ፣ ማለትም ከአንጀቱ ወደ ሌላ አካል ወይም ወደ ቆዳ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ያወጣል። ክሮንስ ከተነሳ በእስራኤል ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን የሚሆን አንድ ማስታወሻ አለ። ሐኪሞች እዚያ እንዳስተዋሉት፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሰዎች ሲገቡ እንደ ክሮንስና ኮላይተስ ያለ የአንጀት ቁጣ በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም፤ አገሩ ውስጥ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን መታየት ጀመረ፤ ከታየውም ክሮንስ ያመዝናል። በሽታው «የነጭ በሽታ» ነው ብሎ መተው አያዋጣም።

ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ሳትጠይቅ መነገር ያለበት ነገር አለ። ዳሌ ውስጥ ገብቶ ሬክተምን አውጥቶ ማጠራቀሚያ መሥራት ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው የማህፀን ቱቦዎችን ስለሚያጣብቅ ተፈጥሯዊ ፅንስ የማግኘት ዕድልን በግልጽ ይቀንሳል። ትልቁ አንጀቷ ብቻ ወጥቶ ኢሊዮስቶሚ ያላት ሴት ይህ ችግር የለባትም፤ አርግዛ ትወልዳለች። ስለዚህ አንዳንድ ሴቶች ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ወልደው እስኪጨርሱ ያቆዩታል፤ ሌሎች ደግሞ ጠባሳው በሚያንስበት በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚሠራ ቀዶ ጥገና፣ ያሠሩታል። ወንዶችም በዳሌ ውስጥ ባሉ ነርቮች ጉዳት የወሲብ አቅማቸው ሊነካ እንደሚችል፣ ብዙ ባይሆንም፣ አስቀድመው መስማት አለባቸው። እነዚህን ጥያቄዎች ቤተሰብ በተሰበሰበበት መጠየቅ ይከብዳል፤ ሐኪሙን «ለብቻዬ ላናግርዎት» ማለት ነውር የለውም።

መቸኮል አያስፈልግም። ኢሊዮስቶሚ በዓመት በሁለት ዓመት አይበላሽም፤ ማጠራቀሚያውም ቆይቶ ሊሠራ ይችላል። ስቴሮይድ እስኪቀንስ፣ አልቡሚንና ሄሞግሎቢን እስኪስተካከሉ፣ ሲጋራ እስኪቆም መጠበቅ ስፌቱ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሐኪሙንም ይህን ቀዶ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ብዙ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ውጤቱ እንደሚሻል የታወቀ ነው፤ ሪፈር ወደ ሩቅ ቢሆንም ሊያዋጣ ይችላል።

«አልዘጋም» የሚለውም ሙሉ ውሳኔ ነው። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተቀዶ አራተኛ አይፈልግም። አንዳንዱ ከረጢቱ ተስማምቶታል፤ ዓመታት በደም ተቅማጥ ከተሰቃየ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀምሯል፤ ያንን በማጠራቀሚያ ለመለወጥ ምክንያት አይታየውም። ዘመድ ግን ይገፋፋል፤ ከረጢቱን የሕመም ማብቂያ ሳይሆን የሕመም ምልክት አድርጎ ያየዋልና። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ሊረሳ የማይገባ ቀጠሮ አለ። ሬክተሙ አልወጣ ከሆነ፣ ሰገራ ባያልፍበትም ሥራ አልፈታም። ልፋጭ ያወጣል፤ አንዳንዴ መጸዳጃ ቤት የመቀመጥ ፍላጎት ያመጣል፤ ይህ የተለመደ ነው። ደም ካለበት ግን መታየት አለበት። የቆየ ኮላይተስ ወይም ፖሊፕ የነበረበት ሰው ያ የቀረ ቁራጭ ካንሰር ሊይዘው ስለሚችል ሐኪሙ በወሰነለት ጊዜ በካሜራ እየታየ ይቆያል፤ ያንንም የማይፈልግ ሬክተሙን አስወጥቶ ቀጠሮውን ይዘጋል።